ጋቢና የሚቀመጠው ማነው

ሑሴኔ፣ የኢብራሂም አባት፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ ካንተ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ያለህበትን ቦታ አላህ ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ።

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። መንገድ ላይ ስትሆን ስልክ ነበር፤ ቤት ስትሆን ደግሞ የአፍ ችግር እንደሌለብኝ ታውቃለህ። አሁን ግን ባለፈው ወር የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ላንተ ካልነገርኩህ ለማንም ብነግረው አይወጣልኝም። በቃል ልጀምረው ስል እንባ እየቀደመኝ አስቸገረኝ። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ኢብራሂም ከሚስቱ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ዕድሜው ሊያልቅ ነው፤ ግን የራሴ በር አለኝ እያለ ይኮራል። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እዚህ መጥቶ ምሳ ይበላል። የጓሮው ውሃ ታንከር ተሰንጥቆ ነበር፣ አስጠገንኩት። አልጋው ላይ ባንተ በኩል የታጠፈ ልብስ ነው የማኖረው፤ ባዶውን ማየት አልወደድኩትም። ቃሊቲ ያው ቃሊቲ ነው፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ፣ ዓመቱን ሙሉ የመኪና ጡሩንባ።

ስልክህን አልዘጋሁትም። ካርድ እየሞላሁ አኖረዋለሁ። መሞትህን ያልሰሙ ደላሎች እየደወሉ፣ ሑሴን ጭነት አለ፣ መኪናው የት ነው ያለው ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እያለቀስኩ ነበር የማነሳው። አሁን ሑሴን የለም፣ እኔ ባለቤቱ ነኝ እላቸዋለሁ። ደንግጠው ነፍስ ይማር ይሉኛል፤ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ እና መኪናውስ ይላሉ። ደላላ ሲያዝን እንኳ በአንድ ዓይኑ ነው።

ኪዮስኬም ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት እንዳለች ነች። ሳሙና፣ የምግብ ዕቃ፣ ካልሲ እሸጣለሁ፤ ስልክም አስቀምጣለሁ። ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እኔ ጋ ትቶ ይገባል፣ ሲወጣ የማስቀመጫውን ከፍሎ ይወስዳል። በዚች ነገር ስንቴ ተጨቃጨቅን! ለአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልክም፣ ለዚያ እንደ መስታወት ለሚያበራውም አንድ ዋጋ ነበር የማስከፍለው። አንተ ታዲያ ሱቁ በር ላይ ቆመህ፣ ቢጠፋብሽ የትኛውን መክፈል ነው የሚከብድሽ ትለኝ ነበር። እኔ፣ ሰውን በስልኩ አላበላልጥም ስልህ፣ አሁንም እያበላለጥሽ ነው አልከኝ። ከገጠር ልጇን ልትጠይቅ የመጣችው ሴትዮ ለባለ መስታወቱ ስጋት እየከፈለችለት ነው፤ ዋጋው አንድ ስለሆነ ደግሞ ደግ የሆንሽ ይመስልሻል ብለህ ጨመርክ። በዚያ ቀን አኮረፍኩህ። ካንተ በኋላ ግን ሁለት ዋጋ አደረግኩ። በሕይወት እያለህ ባደርገው ኖሮ ስትኮራብኝ ትኖር ነበርና እንኳን ያን ጊዜ አላደረግኩት።

እንዲህ ነበርክ። ሳሪስ አቦ ገበያ ስንወጣ ሰው ሁሉ የተወደደውን ይፈራል፣ አንተ የረከሰውን ነበር የምትፈራው። ቲማቲሙ ከጎረቤቱ ግማሽ ዋጋ ከሆነ ሳጥኑን ከሥር ታገላብጣለህ። ትርፉ ብዙ ነው የሚባል ሥራ ሲነገርህም ያው ነህ። ይህን ያህል የሚከፍሉኝ ምን ፈርተው ነው ብለህ ትጠይቃለህ። ቡና ቤት የተቀመጠው ሰው ይስቅብሃል፤ አንተ ማኪያቶህን ጠጥተህ ትነሳለህ።

ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ተሳስተሃል፤ እሱንም አብረን ነው የተሳሳትነው። ሙሉ መኪና ኖሮህ አያውቅም። ለአንድ መኪና የሚበቃ ገንዘብ እጅህ ሲገባ እንኳ ከፋፍለህ አራት የጭነት መኪናዎች ላይ ሩብ ሩብ ድርሻ ገዛህ። ድርሻህን ጎማ ነበር የምትለው። እዚህኛው ላይ አንድ ጎማ አለኝ፣ እዚያኛው ላይ አንድ ጎማ አለኝ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ፣ ባሌ አራት ጎማ አለው፣ መኪና ግን የለውም እያልኩ ሰዉን አስቅብህ ነበር። አትቆጣም። አንዱ ቢገለበጥ ሦስቱ ያበሉናል ትላለህ።

ከዚያ የሰሜኑ መንገድ ተዘጋ። አራቱም መኪናዎች የሚሠሩት ደሴና ኮምቦልቻ ነበር። የወሎ ልጅ ነሃ! መንገዱን ከነኩርባው ታውቀዋለህ፣ ጭነት የሚሰጡህ አብሮ አደጎችህ ናቸው። የማላውቀው አገር ገንዘቤን አልሰድም ብለህ አራቱንም በአንድ መንገድ ሰደድካቸው። መንገዱ ሲዘጋ አራቱም ቃሊቲ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ጠዋት ጠዋት ልታያቸው ትሄዳለህ። የሰው ባል የታሰረ ወንድሙን ይጠይቃል፣ የእኔ ባል የታሰሩ መኪናዎችን ይጠይቃል ስልህ ትስቅ ነበር፤ ማታ ግን እህል አይወርድልህም። መኪናው አራት ነበር እንጂ ስጋቱ አንድ ነበር። ያን ያወቅነው ቆመው ካየናቸው በኋላ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ሁለቱን ሸጥክ። በአንዱ ገንዘብ ከጅማ ቡና የሚጭን መኪና ላይ ገባህ፤ በሌላው ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ አሸዋ የሚያመላልስ አንድ አሮጌ መኪና ላይ። ከድር እስኪበቃው ሳቀብህ። ከድርን መቼም አትረሳውም፣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው የስልጤው ወዳጅህ። ያ የአሸዋ መኪና የሚያመጣው ጥቂት ነው፣ ሁልጊዜም ባሌስትራው ይሰበራል። አንተ ግን ሌሎቹ ሲያኮርፉ እሱ አያኮርፍም፣ ለዚህ ነው የያዝኩት አልክ። እውነትም ቡናው በቀነሰበት ዓመት የበላነው ከአሸዋው ነበር።

ኢብራሂም አሁን ይህንኑ ነገር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የአክሲዮን ገበያው ከተከፈተ ወዲህ፣ የሰው ገንዘብ የትና የት ይቀመጥ ብሎ የሚያማክር ቢሮ ውስጥ ተቀጥሯል። ፖርትፎሊዮ ይሉታል። አንድ አርብ ምሳ ላይ አስረዳኝ። ሰው ስጋት እንዲሸከም ከተፈለገ ክፍያ አለው፤ ስጋቱ ሲከብድ ክፍያውም ይከብዳል። ነገር ግን በትኖ ሊያጠፋው የሚችለውን ስጋት ሳይበትን ቢሸከም ማንም አይከፍለውም አለኝ። አራት መኪና አንድ መንገድ ላይ የላከ ሰው ለዚያ ለፈራው ፍርሃት ክፍያ የለውም ማለት ነው። እኔ ታዲያ፣ ይህንማ አባትህ እግቢው ውስጥ ቆሞ ነው የተማረው ስለው፣ አውቃለሁ፣ ለደንበኞቼ እሱን ነው የምነግራቸው አለኝ። ስምህን ሳይጠራ፣ አንድ የማውቀው ሰው እያለ ይነግራቸዋል። ይህን ስሰማ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኩት።

እሱ ባለኝ መሠረት ከቀሩት ከሁለቱ የደሴ መኪናዎች የአንዱን ድርሻ ሸጬ አክሲዮን ገዛሁ። ወለድ ውስጥ የማይገባ ኩባንያ ፈልጎልኛል። ልቤ ግን እንደ ጎማው አይረጋልኝም። አንተ መኪናው ጋ ስትደርስ ጎማውን በእግርህ መታ መታ አድርገህ ታይ ነበር፤ አክሲዮን በእግር አይመታም። ሹፌራችን ይማም የሚነዳውን የሌላኛውን የደሴ መኪና ድርሻ ግን አልሸጥም አልኩ። ግማሹ የከድር፣ ሩቡ የሽማግሌው የሐጂ ሙሳ፣ ሩቡ ያንተ የነበረውን። ይማም እኛ ቤት ውስጥ ሹፌር ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ መጣሁ። ባለፈው ወር ስልክህ ጮኸ። ደላላው ከአቃቂ የግንባታ ብረት የሚጫን አለ አለ፤ ዋጋው እጥፍ ነው። የት ነው ስለው የከተማውን ስም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። ሹፌር ይታገትበታል፣ መኪና ይቃጠልበታል እየተባለ የሚወራበት መንገድ ነው። እጥፍ የሆነበት ምክንያት አልጠፋኝም፤ ጭማሪው የብረቱ ሳይሆን የፍርሃቱ ነው።

ለከድርና ለሐጂ ደወልኩ። ከድር ገና ዋጋውን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። ሐጂ፣ እስቲ ኸይር ነው፣ እንነጋገርበት አሉ። ይማምማ ሳይጠየቅ ነው እሺ ያለው። የቤት ኪራይ ጨምረውበታል፣ ልጁ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ባለቤቶቹ ካልተስማሙ፣ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ፣ መኪናው እንደማይወጣ ስለሚያውቅ እኔ ኪዮስክ ድረስ መጥቶ፣ እትዬ ዘይነባ፣ እባክዎ እንዳይከለክሉኝ አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። የተደረደሩትን ሳሙናዎች እያየ ነው የተናገረው።

ለኢብራሂም ደውዬ አስላልኝ አልኩት። ስንት መኪና እንደሚያልፍ፣ ምን ያህሉ ችግር እንደሚገጥመው፣ የመኪናው ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት፣ የማላውቀውን ገመተ። ከዚያ፣ እማ፣ ለመኪናው ከሆነ ዋጋው ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከበቂ በላይ ነው አለኝ። ለይማምስ ብዬ ጠየቅኩት። እኔ የማሰላው ለባለድርሻ ነው፣ ይማም ደግሞ ባለድርሻ አይደለም አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የነገረኝ።

ያኔ ያንተ ደንብ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ ልበል እንጂ መቼ ረስቼው አውቃለሁ! ከመደበኛው በላይ የሚከፈልበት ጭነት ከመጣ፣ ይሂድ ያለ ባለድርሻ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጦ አብሮ ይሄዳል። ይህን ያመጣኸው የዚያን የጎረቤት መኪና ሹፌር ነገር ካየህ በኋላ ነው። እሱ ክንዱን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ባለቤቶቹ ካፌ ቁጭ ብለው ጭማሪውን ሲካፈሉ ደረስክባቸው። ቤት ገብተህ ጫማህን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። እሱ ፈራ፣ እነሱ ተከፈሉ አልከኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በከፋ ቁጥር አንተ ነህ ጋቢና የምትቀመጠው። ከድር ሱቅ አለው፣ ሐጂ ያረጁ ናቸው። ይማምም ይመካብህ ነበር። የእኛ ባለቤት አብሮን ነው የሚፈራው እያለ ለሌሎቹ ሹፌሮች ያወራል።

እኔስ? እኔ ቤት ነበርኩ። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

እሑድ ዕለት ግቢው ውስጥ፣ ጎሚስታው ጎማ በሚጠግንበት በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ከድር ደንቡን ሳነሳበት ተቆጣ። ዘይነባ፣ ያ የሑሴን ጸባይ ነው፣ ከሑሴን ጋር ሄዷል፣ አላህ ይዘንለት አለ። ስኳር እንዳለበት፣ መድኃኒቱ በሰዓት እንደሆነ ነገረን። ሐጂም ጉልበታቸውን ገልጠው አሳዩን። ሁለቱም አልዋሹም። ለይማም ደህና የጉርሻ ገንዘብ እንሰጠዋለን አለ ከድር፤ ይማም ደግሞ ጎሚስታው ከሚነፋው ጎማ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። እምቢ ብል የይማምን ልጅ ከኮሌጅ አስቀራለሁ። እሺ ብል ይማምን ወደዚያ እልከዋለሁ፤ ትርፉን ደግሞ ሱቄ ቁጭ ብዬ እቀበላለሁ። እንዳንተ የሚያማክረኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ምንኛ በወደድኩ።

ይሂድ፤ ጋቢና የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ አልኩ።

ከድር የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

መኪናው በሚነሳበት ጠዋት በሰዓቱ ደረስኩ። ነጠላ ጫማዬን ትቼ ሸራ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ውሃና ዳቦ ይዣለሁ። ብረቱ ተጭኖ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ ገመዱ ታስሯል። የጋቢናው ደረጃ ያን ያህል ከፍ እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ጎሚስታው ከኋላ ደግፎ ነው ያወጣኝ። ይማም ከወዲያ በኩል ገባና ሲያየኝ እጁ በሩ ላይ ቀረ። ከድር ከታች ሆኖ፣ አንቺ ሴት ውረጂ፣ ሰው ምን ይለናል እያለ ይጮሃል። እኔ የያዝኩትን ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ፊት ለፊት አየሁ። ፈርቼ ነበር፣ ሑሴኔ። ሞተሩ ሲነሳ ወንበሩ አብሮ ሲንቀጠቀጥ ደስ አለኝ፤ የእኔው መንቀጥቀጥ አይለይም ብዬ።

በዚህ መሃል ኢብራሂም ደረሰ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ቢሮ የሚሄድበትን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከኮዬ ፈጬ እየሮጠ የመጣ ይመስል ላብ አጥምቆት፣ ግቢው በር ላይ ቆመ። ውረጂ አላለኝም። አልተቆጣም። አየኝ ብቻ።

ይማም ኢብራሂምን አየው፣ እኔን አየኝ። ካምቢዮው ላይ የነበረውን እጁን አነሳና ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እርስዎን ይዤማ በዚያ መንገድ አልሄድም አለ። ለብቻህ የሚኬድበት መንገድ ከእኔ ጋር ሲሆን ለምን የማይኬድበት ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ለራሱ እሺ ያለበትን ዋጋ ለእኔ እሺ ሊልበት አልቻለም። እንግዲያው እኔስ ላንተ እንዴት እሺ ልበል አልኩት። ሲያለቅስ እንዳላየው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጭነቱ ወረደ። በሌላ ሰው መኪና ሄደ። እሱም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ደርሶ በሰላም ተመለሰ። የዚያ ሹፌር መግባቱን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ግን አልዋሽህም፣ ያመለጠን ገንዘብም ቆጭቶኛል። ከድር፣ ይኸው፣ ምን ሆነ ታዲያ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የመለሰው። ኢብራሂም ግን አጽናናኝ። ዓይኑን ጨፍኖ አስፋልት ያቋረጠ ሰው ወዲያኛው ዳር ስለደረሰ ዓይን መጨፈን ልክ ሊሆን አይችልም አለኝ። እንዲህ ያለውን አነጋገር ካንተ ነው የወረሰው።

ከዚያ ሐጂ ሙሳ አስጠሩን። ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ብዙ አልተናገሩም። የእኔን ሩብ ይማም ይውሰደው፣ ከሥራው እያነሳ ቀስ እያለ ይከፍለኛል፣ ጭማሪ አልፈልግም አሉ። ስለዚህ ይማም ዛሬ ባለ አንድ ጎማ ነው። እንደ እኛው እምቢ ማለት ይችላል። ደግሞም ከእንግዲህ ከመደበኛው በላይ የመጣው ገንዘብ የሹፌሩ እንዲሆን ተስማማን። ከድር አጉረመረመ፣ ግን ተስማማ። በቀደም ሌላ ደላላ በእጥፍ ዋጋ ሲደውል፣ ኧረ ተይው፣ ያ መንገድ እኮ ያስፈራል ያለኝ ማን መሰለህ? ከድር ነው። ጭማሪው የእሱ አለመሆኑን ካወቀ ወዲህ ነው መንገዱ ማስፈራቱ የታየው። ሳቄን እስክጨርስ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት። የይማም ልጅም ኮሌጁን ጀምራለች፤ ለመመዝገቢያው ሁላችንም አዋጥተናል፣ ከድር ደግሞ ከሁላችን አብልጦ ሰጠ። መጥፎ ሰው እኮ አይደለም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም።

ከጋቢናው ስወርድ ኢብራሂም እጄን ያዘኝ። ታክሲ ተሳፈርን። ከገባን በኋላ በመስኮት እያየ፣ ሁለተኛ እንዳታደርጊው አለኝ። ደነገጥኩ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ካንተ ጋር በኖርንበት ዘመን፣ ከመንገድ በተመለስክ ቁጥር፣ ውሃ እያስታጠብኩህ የምልህ ቃል ነች። ሁለተኛ እንዳታደርገው። አንተም እሺ ትላለህ፤ ደግሞም ትሄዳለህ።

በጣም ተቆጥቼህ ነበር፣ ሑሴኔ። ነግሬህ አላውቅም፣ ዛሬ ልንገርህ። ጋቢና ስትቀመጥ ለይማም ፍትሕ አደረግክ፤ ሰው ሁሉ መሰከረልህ። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? አንተ ፈራህ፣ ይማም ፈራ፣ ሁለታችሁም ቢያንስ መንገዱን ታዩት ነበር። እኔ ልጅ አቅፌ፣ በር ሲንኳኳ እየደነገጥኩ፣ ምንም የማላየውን መንገድ ስፈራው ኖርኩ። ለዚያኛው ፍርሃት ዋጋ የጠራለት አልነበረም፤ አንተ እንኳ አልጠራህለትም። አስከሬንህ ከቤት ሊወጣ ሲል፣ ያስቀየማችሁ ነገር ካለ ይቅር በሉት፣ አውፍ በሉት ተብሎ ሴቶቹ ተጠየቅን። እኔም አውፍ ብያለሁ አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። ሌላውን ሁሉ ሰጥቼህ ይህችን አንዷን ልቤ ውስጥ አስቀርቼ ነበር።

አሁን ግን እዚያ ታክሲ ውስጥ የልጄን ፊት አየሁት። ግቢው በር ላይ ቆሞ ያየኝ ፊት የእኔ የራሴ ፊት ነበር። ጋቢና ስወጣ ይማምን አስቤያለሁ፣ አንተን አስቤያለሁ፣ ከድርን ማሳፈርም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አስቤያለሁ። ኢብራሂምን አላሰብኩም። አባቱን ቀብሮ ገና ያልተጽናና ልጄን ሳልጠይቀው አብሬ ጋቢና አስቀምጬው ነበር። ጭካኔ እኮ አልነበረም። ልክ የሆነውን ለማድረግ ስጣደፍ ከኋላ ያለው ሳይታየኝ ቀረ። አንተም እንዲሁ እንደነበርክ ገባኝ። ስትሄድ ንቀኸኝ አልነበረም፤ ፊት ለፊትህን እያየህ ነበር።

አውፍ ብዬሃለሁ፣ ሑሴኔ። አሁን ከልቤ ነው። ያስቀረሁት የለም።

ደንብህን አልጥለውም፤ አንድ ነገር ግን ጨምሬበታለሁ። ጭነት ሲመጣ ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ቤት የሚጠብቀውም ሰው ይጠየቃል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሞያሌ የሚሄድ ጭነት ሲመጣ የይማም ሚስት ጋ ደወልኩ። እኔን ነው የምትጠይቂኝ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እንዲህ እያልኩ ነው የማስታውስህ። ያስተማርከኝን እየሠራሁበት፣ የዘነጋኸውን እየሞላሁልህ፣ ስምህን ለልጃችን፣ ነገም ለልጅ ልጆቻችን፣ ከነደግነትህም ከነግትርነትህም እየነገርኩ። በዱዓዬ ውስጥ አለህ፣ በነገሬ ሁሉ ውስጥ አለህ። በእኔ በኩል እረሳሃለሁ ብለህ እንዳትሰጋ።

ያንተው ዘይነባ